ሉፕ ለሰለቸው ወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለማሙሽ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ግን አንተ ትስቃለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር እንዘጋዋለን። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ጥያቄህ ደርሶኛል። ሴፕቴምበር ላይ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የሰመርስቪል ግድብ ውሃ ሲለቅ አፐር ጋውሊን በካያክ አብረን እንውረድ ብለሃል። መልሱን ላስቀድምልህ፤ ዘንድሮ አልሄድም፤ አንተም ባትሄድ ደስ ይለኛል። ለእማዬ አልነገርኳትም። ባሕር ዳር ተቀምጣ በዌስት ቨርጂኒያ ወንዝ እንቅልፍ የምታጣበት ምክንያት የለም።

ጋውሊን አልጠላውም፤ አንድ ቀን አብረን እንወርደዋለን። ቅር ያሰኘኝ መልእክትህ መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ነው፤ «ሉፑማ ሰለቸኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው» ያልከው።

እስቲ እጅህ ላይ ያለውን ተመልከት። ከፒትስበርግ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነድተህ ኦሃዮፓይል ትደርሳለህ። እናንተ «ያክ» የምትሉት ያኪጌኒ ወንዝ የፈርንክሊፍን ልሳነ ምድር ዞሮ ይታጠፋል፤ ሉፕ የምትሉትም ይህንኑ መታጠፊያ ነው። ከኦሃዮፓይል ፏፏቴ በታች ካያክህን ታስገባና ኢንትራንስን፣ ኩከምበርን፣ ካሜልና ዎልረስን፣ ኤዲ ተርንን፣ ዳርትማውዝን፣ እነዚህን ፈጣን መውረጃዎች (ራፒዶች) ሁሉ አልፈህ ሬልሮድ ራፒድ ጋ ትወጣለህ። ከዚያ ካያክህን ትከሻህ ላይ አድርገህ ልሳነ ምድሩን በእግርህ ታቋርጥና እንደገና መነሻህ ላይ ነህ። መኪና የሚያመላልስህ ሰው አትለምንም። ነጭ ውሃ ለመማር እንዲህ የተመቸ ቦታ በዚህ አገር ብዙ አታገኝም። ሰው ከሌላ ስቴት ሌሊቱን ነድቶ ይመጣበታል፣ አንተ ደጅህ ሆኖ ሰለቸህ።

የላክልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ከላይ እስከ ታች አልተገለበጥክም፤ ጓደኞችህም አጨብጭበውልሃል። ኢንትራንስ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልቆምክም። ኩከምበር ላይ መቅዘፊያህ ውሃ የነካው ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ነው፤ መንገዱን የመረጠልህ ወንዙ ነው። ደግ ወንዝ ስለሆነ ደግ መንገድ መረጠልህ። አትቀየመኝና፣ ቁልቁልማ ግንድም ይወርዳል።

እኔ የማምነውን ልንገርህ። አዲስ ወንዝ ወርደህ በሰላም ከወጣህ፣ ያወጣህ ችሎታህ ይሁን፣ ዕድልህ ይሁን፣ ወይስ ከፊትህ የነበረው ሰው መስመር፣ መለየት አትችልም። ድንጋዩም ማዕበሉም አዲስ ነው፤ ሐሳብህ በሙሉ «ቀጥሎ ምን አለ?» በሚለው ያልቃል። ወገብህ ምን እንደሠራ፣ ካያክህን በየትኛው ጎኗ እንዳጋደልካት፣ ዓይንህ የት እንደነበር ማታ ብትጠየቅ አታስታውስም። የምታውቀው ራፒድ ላይ ግን ትናንት የያዝካትን ኤዲ፣ ከድንጋይ ጀርባ ውሃው ሽቅብ ተመልሶ የሚዞርባትን ቦታ፣ ዛሬ ከሳትካት፣ ውሃውም ከፍታው ያው ከሆነ፣ ያጠፋኸው አንተ ነህ። ምን እንዳጠፋህ ተመልሰህ ወጥተህ ማየት ትችላለህ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ታርመዋለህ። ይህን ዕድል አዲስ ወንዝ አይሰጥህም።

ስለዚህ ሉፑን ራስህ ላይ አክብደው። ኢንትራንስ ድንጋይ የሞላበት ረጅም ራፒድ ነው፤ ከየድንጋዩ ጀርባ ኤዲ አለች። አንድ ቀን በግራ ያሉትን ብቻ እየያዝክ ውረድ፣ ሌላ ቀን በቀኝ ያሉትን ብቻ። እነሱ ሲቀሉህ የካያክህ ግማሽ ብቻ የምትገባባቸውን ትንንሾቹን ያዝ። ቀጥሎ ከአንዷ ኤዲ ወደ ማዶዋ ፌሪ በሚባለው አቀዛዘፍ ተሻገር፤ የካያክህን አፍንጫ ሽቅብ አዙረህ፣ አንዲት ክንድ እንኳ ወደ ታች ሳትንሸራተት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ውጣ፣ ከኤዲ ወደ ኤዲ እየዘለልክ። ቀዛፊ ሽቅብ ሲሄድ ነው ማንነቱ የሚታየው፤ ጉልበት ብቻውን አያወጣህም፤ ውሃው የት ላይ እንደሚለግም፣ የት ላይ እንደሚረዳህ በዓይንህ ማንበብ አለብህ።

ቪዲዮው ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ስለ አቀማመጥህ አልናገርም። ከኤዲ ስትወጣ ትደነግጥና ሰውነትህን ወደ ኤዲዋ ትመልሳለህ። ሁላችንም ጀማሪ ሳለን እንዲያ ያደርገናል፤ ሰውነት ከሚሮጥ ውሃ መሸሽ ይፈልጋል። የካያክህን ሽቅብ ያለውን ጎን አንሳ፣ ሚዛንህን ወደ ቁልቁሉ ጣል፣ ዓይንህን ልትሄድበት ወዳሰብከው አድርግ። ይህን ቁጭ ብለህ ስታነበው ቀላል ነው። ሰውነትህ ሳትነግረው የሚያደርገው ግን አንድ ኤዲ ላይ ቆመህ ስትወጣና ስትገባ፣ ስትወጣና ስትገባ ከዋልክ በኋላ ነው። የሚያይህ ሰው «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ይበል፣ ግድ የለህም።

ሮልህንም እንዲሁ። ክረምቱን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተገልብጦ መነሳትን ተምረሃል፤ ጎበዝ። ገንዳ ውስጥ ግን የምትገለበጠው አየር ስበህ፣ መቅዘፊያህን አስተካክለህ፣ ውሃው ሞቆልህ ነው። ወንዝ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ መቅዘፊያህንም በፈለገው ጎን ያስቀረዋል። ከራፒዱ እግር፣ ማዕበሉ በሚዳከምበትና ከታች ሰፊ ጸጥ ያለ ውሃ ባለበት ቦታ፣ ሰው አጠገብህ አቁመህ ሆን ብለህ ተገልበጥ። በቀኝም በግራም። ካያኳን የሚያነሳት ወገብህና ጉልበትህ ነው፤ ጭንቅላትህ አየር ፍለጋ ቀድሞ ከወጣ ተመልሰህ ትገባለህ። በቀኝህ እንደሚሆንልህ አይቻለሁ። በግራህ ሲሆንልህ ግን አላየሁም፤ አንተም አላየህም መሰለኝ።

እኔ የምቀዝፍበትን ፖቶማክን ታውቀዋለህ። ከሥራ ስወጣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ኦልድ አንግለርስ ጋ እገባና በዲፊካልት ራን፣ በዌት ቦተም፣ በሮኪ አይላንድ በኩል ሽቅብ ወደ ግሬት ፎልስ እግር እቀዝፋለሁ፤ ስመለስ እየተጫወትኩ እወርዳለሁ። በነገራችን ላይ፣ የአንተ ሉፕ ላይ በድልድይ የሚያልፈው የብስክሌት መንገድ ከምበርላንድ ላይ ፖቶማክን ከሚከተለው አሮጌ ቦይ ዳር መንገድ ጋር ይገጥምና እኔ ካያክ በማስገባበት በኩል አልፎ ዋሽንግተን ይገባል። ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ብትናፍቀኝ በእግሬም እመጣለሁ ማለት ነው።

ፖቶማክ ከግሬት ፎልስ በላይ ወደ 1000 ጫማ የሚጠጋ ስፋት አለው። ማዘር ጎርጅ ሲገባ ከ60 እስከ 100 ጫማ ስፋት ባለው ገደል ውስጥ ይጨመቃል። ስለዚህ ተራራው ላይ ሲዘንብ ውሃው ወደ ጎን መስፋት አይችልም፤ ሽቅብ ይቆማል። ሁላችንም ከቤት ሳንወጣ የሊትል ፎልስን የውሃ ከፍታ መለኪያ የምናየው ለዚህ ነው። 3 ጫማ ሲል ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አውጥተው ይታያሉ፣ ጀማሪ ይማርበታል። 5 ጫማ ሲያልፍ እነዚያው ድንጋዮች ይሰጥማሉ፣ ኤዲ የነበረው ቦታ አዙሪት ይሆናል፣ ማዕበል ያልነበረበት ማዕበል ይነሳል። እኔ ይህን ወንዝ አውቀዋለሁ ለማለት በየከፍታው ማየት ነበረብኝ፤ በበጋ ሲቀጥን፣ በማርች ውሃው አጥንት ሲሰብር፣ በጥቅምት ቅጠል ሲሸከም። አብሮን የሚቀዝፍ አንድ ጡረተኛ መምህር ስልኩን ሳያወጣ፣ ዳር ያለችውን አንዲት ድንጋይ አይቶ ከፍታውን ይናገራል፤ ከመለኪያው ብዙም አይርቅም። አንተ ያክን በየትኛው ከፍታ ታውቀዋለህ? ፀሐይ በወጣ ቅዳሜ በሚሆነው ብቻ።

ታሪክ ትወዳለህና ከዚህ ከእኔ ጎረቤት ታሪክ ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ብሩክሞንት አካባቢ ፊደር ካናል የሚሉት፣ ጥንት ለትልቁ ቦይ ውሃ ይመግብ የነበረ አጭር ቦይ አለ። ብታየው አታከብረውም። ጆን ሉግቢልና ዴቪ ሄርን በአሠልጣኛቸው በቢል ኤንዲኮት ሥር ያደጉት እዚያ ነው፤ በሽቦ በተንጠለጠሉ ጥንድ በትሮች መካከል ሽቅብ ቁልቁል እያሉ፣ ሰዓት እየተያዘባቸው። በ1979 ካናዳ፣ ጆንኪየር ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ሰው ካኑ ሉግቢል አንደኛ፣ ሄርን ሁለተኛ፣ የአገራቸው ልጅ ቦብ ሮቢሰን ሦስተኛ ወጡ። ሉግቢል በግሉ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አውሮፓውያኑ የአልፕስ ወንዝ ሁሉ ደጃቸው ነበር። እነዚህ ግን ውሃው ያው ስለነበር ሰዓቱ ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ራሳቸው ይነግራቸው ነበር። ግማሽ ሰከንድ ከቀነሱ የቀነሱት እነሱ ናቸው።

የሚቀጥለው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። የአካባቢው ቀዛፊዎች ለ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ ሲዘጋጁ፣ ዲከርሰን ከነበረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሙቅ ውሃ ይወጣበት በነበረው ቦይ ውስጥ የሲሚንቶ ድንጋዮች አስቀመጡና ስፔን ያለውን የላ ሴኡ ዱርጄል መወዳደሪያ እንዲመስል አደረጉት። ያልለመዱትን ወንዝ ቤታቸው አምጥተው ለመዱት ማለት ነው። በዚያ ኦሎምፒክ ጆ ጃኮቢና ስኮት ስትራውስባው በሁለት ሰው ካኑ ወርቅ አገኙ፤ ጃኮቢ የዚሁ የዋሽንግተን አካባቢ ልጅ ነው። አንተ ከሁሉ አስቀድመህ አዲስ ወንዝ ትፈልጋለህ፤ እነሱ አዲሱን ወንዝ አሮጌ ለማድረግ ሲሚንቶ አፈሰሱ።

የዓባይ ሕልምህንም አልረሳሁም። ሁለት ብርጭቆ ጠጅ በጠጣህ ቁጥር «ከጢስ ዓባይ በታች» ትላለህ። እኔም ሕልሙ አለኝ፤ ባሕር ዳር የጨረጨራን ውሃ እያየን አድገን እንዴት አይኖረን? ግን እነማን እንደወረዱት ተመልከት። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ጉዞ ብዙ ሰው፣ አውሮፕላንና ሐኪም ይዞ ሄዶ፣ ኢየን ማክሊዮድ የሚባል ወታደር ውሃ ወስዶታል። በ1972 ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ በካያክ ሞከሩት፤ አዞውም ጥይቱም አልቀረላቸውም። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ መነሻ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር በ114 ቀን ደረሱ። በዓባይ ገደል ውስጥ አንድን ራፒድ ወርደህ «እንደገና ልሞክረው» የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር አንዴ ነው። ስለዚህ ወደ ዓባይ ይዘኸው የምትሄደው ችሎታ ሌላ ቦታ፣ ደጋግመህ በምትወርደው ወንዝ ላይ ያጠራቀምከው ብቻ ነው። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚወጡትን ነገደ ወይጦዎች ታስታውሳቸዋለህ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲለወጥ ሰማዩን ሳያዩ ወደ ዳር ይመልሱ ነበር። በዚያው ዳርቻ ነው ያደጉት።

አሁን ደግሞ የራሴን ነገር ልቃወም። የለመዱት ወንዝ ያዘናጋል። «እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል የሰማነው ስለ ውሃ ነው፣ የሚያስቀውም ያወቅነው ውሃ ነው። ብሩክሞንት ያለው ዝቅተኛ ግድብ ከላይ ሲያዩት አንድ እርከን ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን የያዘውን ወደ ኋላ እየጎተተ አይለቅም፣ ብዙ ሰው ገድሏል። ከሉፑ በታች ያለው ዲምፕል ሮክም ከሥሩ ውሃ የቦረቦረው ድንጋይ ነው፣ ሰው በልቷል፤ ሁለቱም ያሉት ሰው በየሳምንቱ በሚቀዝፍባቸው ወንዞች ላይ ነው። ከጎርፍ በኋላ ደግሞ ትናንት ክፍት የነበረ መተላለፊያ ዛሬ ዛፍ ወድቆበት ይጠብቅሃል፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ አንተ ግን አታልፍም። አያታችን ዳዊትን በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ ቢሆንም ማለዳ ማለዳ መጽሐፉን ገልጠው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ነበር የሚደግሙት። ወንዝህንም እንዲያ ያዘው። መለኪያውን ሳታይ አትግባ። ብቻህን አትግባ። ጥግ ከመታጠፍህ በፊት ከጥጉ ባሻገር ያለው ካልታየህ፣ ወርደህ በእግርህ እይ፣ ስንት ጊዜ ብታልፈውም። ከካያክህ ከወጣህም በሚሮጥ ውሃ ውስጥ አትቁም፤ እግርህን ወደ ላይ አንሳና ተንሳፈፍ፤ እግር ድንጋይ መሃል ከተያዘ ጉልበት ላይ የሚደርስ ውሃም ሰው ይጥላል። ዓይንን ጨፍኖ የሚወረድ ወንዝ የለም፣ ማሙሽ። ያናደደኝም ይኸው አባባልህ ነው።

ጋውሊን በተመለከተ እንዳልሸሸግህ፤ ውበቱን አይቻለሁ፤ በመጸው የሚለቀቀው ውሃ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚቆየው፣ ሰውም እንደ ጥምቀት ይሰበሰብበታል። ግን ኢንሲግኒፊካንት፣ ፒሎው ሮክ፣ ሎስት ፓድል፣ አይረን ሪንግ፣ ስዊትስ ፎልስ አሉበት፤ አምስቱም አምስተኛ ደረጃ ናቸው። ሎስት ፓድል አራት መውረጃ የተደራረበበት ረጅም ነገር ነው፣ ከሥራቸው የተቦረቦሩ ድንጋዮች ዙሪያውን አሉ። ሉፕ ላይ ከካያክህ ብትወጣ ከታች ጸጥ ያለ ውሃ አለ፣ ጓደኛህ መቅዘፊያህን ይለቅምልሃል፣ ትስቃላችሁ። እዚያ ግን ሁለተኛው መውረጃ ላይ ከወጣህ ሦስተኛውንና አራተኛውን በዋና ነው የምትወርዳቸው። በግራው መነሳት የማይችል ሰው ይዤ እዚያ አልገባም፤ ወንድሜን ደግሞ ጭራሽ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ይህን ዓመት ለሉፑ ስጠው። ኢንትራንስን ከታች ወደ ላይ የወጣህ ቀን፣ ኩከምበር እግር ላይ ሳታስበው ተገልብጠህ በግራህ የተነሳህ ቀን፣ ውሃው ሲያጥርም ሲሞላም ያክን ያየህ ቀን ደውልልኝ፤ ቪዲዮ አያስፈልገኝም፣ ቃልህን አምናለሁ። ጁላይ ላይ እኔ ጋ ና፤ ማዘር ጎርጅን ሽቅብ አብረን እንቀዝፋለን፣ ማታ ሽሮ እሠራልሃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት አስቀድመን ሎወር ጋውሊን እንወርዳለን፣ ከሆነልህ ቀጥሎ አፐሩን፤ ከፊትህ የምቀድመው እኔ ነኝ።

እስከዚያው ቅዳሜ ኦሃዮፓይል ሂድ። ከመግባትህ በፊት መለኪያውን እይ፣ ከወጣህ በኋላ ደግሞ ለእማዬ ደውልላት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም ብላኛለች።

የምትወድህ እህትህ፣
እታለም